ቫልቩን ከመቀየራችሁ በፊት መስመሩን ፈትሹ፦ የኢቫፕ ኤሌክትሪክ ብልሽት አፈላለግ ደረጃ በደረጃ

የአክስቴ ልጅ ሰሜን ቨርጂኒያ ውስጥ ታክሲ ይሠራል። አንድ ማታ ደወለልኝ። ቼክ ኢንጂን በርቶበታል፣ የኤሚሽን (የመኪና ጭስና ትነት) ምርመራው ቀን ደግሞ ደርሷል። መብራቱ እንደበራ ከሄደ አያልፍም። ካላለፈ ምዝገባው አይታደስም። ካልታደሰ ሥራ የለም። የመኪናው ኮምፒውተር ያስቀመጠው የብልሽት ኮድ ፒ0443 ነው፣ የኢቫፕ ማለትም የቤንዚን ትነት መቆጣጠሪያው ኮድ። አንድ ጋራዥ «ፐርጅ ቫልቩ ነው» ብሎ ቀየረለት። በአራተኛው ቀን መብራቱ ተመልሶ በራ። ሁለተኛ ቫልቭ ተገጠመ። እሱም ሳምንት አልሞላም።

ቅዳሜ ጠዋት ሄጄ አየሁት። ጥፋቱን ያገኘሁት በአንዲት ባለ 5 ዋት አምፖል ነው። ወደሱ እመጣለሁ።

አስቀድማችሁ ግን አንድ ነገር ያዙልኝ። ኮምፒውተሩ ቫልቩን አያየውም። የሚያየው ሽቦው ላይ ያለውን ቮልቴጅ ነው። ኮዱ የሚለው «በዚህ መስመር ላይ አንድ ነገር ልክ አይደለም» ብቻ ነው። መስመሩ ደግሞ ረጅም ነው፦ ፊውዝ፣ ሪሌ፣ ሽቦ፣ ሶኬት፣ ቫልቭ፣ እንደገና ሽቦ፣ መጨረሻ ላይ ኮምፒውተሩ። ይህን ሁሉ ዘሎ ቫልቭ መግዛት ገንዘብ መበተን ነው።

ኢቫፕ ምንድን ነው?

ቤንዚን መኪናው ቆሞም ይተናል። ድሮ ትነቱ ዝም ብሎ አየር ላይ ይለቀቅ ነበር። ካሊፎርኒያ ከ1970 ሞዴል ጀምሮ፣ መላው አሜሪካ ከ1971 ሞዴል ጀምሮ ይህን ከለከለ። መፍትሔው ቀላል ነው። ከታንኩ የሚወጣው ትነት ከሰል በተሞላ ጣሳ ውስጥ ይታመቃል። ይህ ጣሳ ካኒስተር ይባላል። ሞተሩ ሲሠራ ያንን ትነት ስቦ ያቃጥለዋል።

ኤሌክትሪክ የሚነካቸው ክፍሎች በብዙ መኪና ላይ ሦስት ናቸው። ፐርጅ ቫልቭ ትነቱን ከካኒስተሩ ወደ ሞተሩ የሚለቀው ነው፤ ኮፈን ሥር፣ ከሞተሩ አጠገብ ይገኛል። ኤሌክትሪክ ከሌለው ዝግ ነው። ቬንት ቫልቭ ለካኒስተሩ የውጭ አየር የሚያስገባው ነው፤ ከኋላ፣ ካኒስተሩ ጋ ነው። እሱ በተቃራኒው ኤሌክትሪክ ከሌለው ክፍት ነው። ሦስተኛው የታንክ ግፊት ሴንሰር ነው። ይህን ክፍትና ዝግ የሚባለውን አደራ አትርሱ። ቫልቮቹን ፈታችሁ ስትሞክሩ የሚያስፈልጋችሁ እሱ ነው።

ኮዱን ማንበብ

ፒ0443፣ ፒ0444፣ ፒ0445፣ ፒ0458 እና ፒ0459 የፐርጅ ቫልቭ መስመር ናቸው። ፒ0447፣ ፒ0448፣ ፒ0449፣ ፒ0498 እና ፒ0499 የቬንት ቫልቭ ናቸው። ከፒ0450 እስከ ፒ0454 ያሉት የግፊት ሴንሰሩ ናቸው። ፒ0442፣ ፒ0455 እና ፒ0456 ግን የፍሳሽ ኮዶች ናቸው። እነሱ ሌላ ሥራ ናቸው። የታንክ ክዳንና ቱቦ መፈተሽ ይጠይቃሉ።

የፍሳሽ ኮድና የኤሌክትሪክ ኮድ አብረው ከመጡ ሁልጊዜ ከኤሌክትሪኩ ጀምሩ። ቬንት ቫልቩ ኤሌክትሪክ ካላገኘ አይዘጋም። ካልዘጋ ኮምፒውተሩ ፍተሻውን ሲያደርግ ሲስተሙ ያፈሰሰ ይመስለዋል። ሽቦው ሲጠገን የፍሳሽ ኮዱ አብሮ የሚጠፋበት ጊዜ ብዙ ነው።

አሁን ኮምፒውተሩ እንዴት እንደሚያስብ እንይ። ይህ የገባው ሰው ግማሹን ሥራ ጨርሷል። በብዙ መኪና ላይ 12 ቮልቱ በፊውዝ በኩል ቀጥታ ወደ ቫልቩ ይሄዳል። ኮምፒውተሩ የተቀመጠው በሌላኛው ጫፍ፣ በማሳው (ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ በሚመለሰው) በኩል ነው። ቫልቩን ማንቀሳቀስ ሲፈልግ መስመሩን ከማሳ ጋር ያገናኘዋል። ግቢያችሁ ውስጥ ያለችውን ቧንቧ አስቡ። መዝጊያዋ ጫፍ ላይ ነው። መዝጊያው ሲዘጋ ቧንቧው ውስጥ ግፊት አለ። ግፊት ከሌለ ወይ ከላይ ተቋርጧል፣ ወይ መንገድ ላይ ይፈሳል። ኮምፒውተሩም እንደዚያው ነው። ማሳውን ሳይሰጥ በቫልቩ ጥቅል ሽቦ በኩል የመጣ 12 ቮልት ማየት ይጠብቃል። ካላየ ፊውዙ ተቃጥሏል፣ ሽቦው ተቆርጧል፣ ቫልቩ ውስጡ ተበጥሷል፣ ወይም መቆጣጠሪያ ሽቦው ተልጦ የመኪናውን ብረት ነክቷል። ማሳውን ሲሰጥ ደግሞ ቮልቴጁ ወደ ዜሮ መውረድ አለበት። ካልወረደ ያ ሽቦ ከሌላ ባለ 12 ቮልት ሽቦ ጋር ተገናኝቷል፣ ወይም ቫልቩ ውስጡ ሾርት አድርጓል።

ከመጀመራችሁ በፊት

የምትሠሩት ቤንዚን ትነት አጠገብ ነው። ሲጋራ የለም፣ ክብሪት የለም። ታንክና ካኒስተር አጠገብ የባትሪ ሽቦ አታነካኩ፣ ብልጭታ ይፈጥራል። መኪና ሥር የምትገቡ ከሆነ በክሪክ ብቻ አትተማመኑ፣ ጠንካራ ማስቆሚያ አድርጉበት። ወደ ታንኩ በኮምፕሬሰር አየር አትንፉ።

የሚያስፈልጋችሁ ቮልትና ኦም (የሽቦ መቋቋም) የሚለካ ዲጂታል ቴስተር፣ ኮድ ማንበቢያ፣ ሁለት ሽቦ የተበየደላት ባለ 5 ዋት አምፖል፣ ኤልኢዲ ያለው መሞከሪያ፣ ጥቂት ስፒል ነው። የመኪናችሁን የሽቦ ስዕል ካገኛችሁ ደግሞ ግማሽ ቀን ታተርፋላችሁ። የሽቦ ቀለም በግምት አይያዝም።

አንደኛ፦ ኮዱን ጻፉና አጥፉት

ኮዶቹን ሁሉ ወረቀት ላይ ጻፉ። መብራቱ ሲበራ መኪናው ምን ላይ እንደነበረ፣ ማለትም ፍጥነቱን፣ የሞተሩን ሙቀት፣ የነዳጁን መጠን መሣሪያችሁ ካሳየ እሱንም ጻፉ። ከዚያ አጥፉና ሞተሩን አስነሱ። የፍሳሽ ኮድ ለመመለስ ቀናት ሊወስድ ይችላል። የኤሌክትሪክ ኮድ ግን ጥፋቱ አሁን ካለ ብዙ ጊዜ በደቂቃዎች ውስጥ ይመለሳል። ከተመለሰ እሰየው፣ ጥፋቱ ሳይጠፋባችሁ ታገኙታላችሁ። ካልተመለሰ የሚሄድና የሚመጣ ጥፋት ነው። ያኔ ከታች ወዳለው ወደ መነቅነቁ ትሄዳላችሁ።

ሁለተኛ፦ ፊውዝ

ፊውዙን አውጥቶ በዓይን ማየት አይበቃም። ቁልፉን ከፍታችሁ ፊውዙ ጀርባ ላይ ያሉትን ሁለት ትንንሽ ብረቶች በመሞከሪያው ንኩ። ሁለቱም ላይ መብራት አለበት። በብዙ መኪና ይህ ፊውዝ ለኦክስጅን ሴንሰሮች ማሞቂያም ያገለግላል። ስለዚህ ፒ0443 እንደ ፒ0135 ካለ የኦክስጅን ሴንሰር ኮድ ጋር ከመጣ መጀመሪያ ፊውዙን ጠርጥሩ። ተቃጥሎ ካገኛችሁት በዚያው መጠን ቀይሩት። እንደገና ከተቃጠለ ሽቦው አንድ ቦታ ብረት ነክቷል። ከፍ ያለ ፊውዝ ማስገባት ሽቦውን ማንደድ ነው።

ሦስተኛ፦ የፐርጅ ቫልቩ ሶኬት

ሶኬቱን ንቀሉና ውስጡን በእጅ ባትሪ እዩ። አረንጓዴ ዝገት አለ? የተጣመመ ወይም ወደ ኋላ የሸሸ ፒን አለ? ውሃ አለ? አዲስ አበባ ላይ ላቫጆ ቤት ሞተር በኃይለኛ ውሃ የማሳጠብ ልማድ አለ። ከዚያ በኋላ የመጡ የሶኬት ጥፋቶችን ደጋግሜ አይቻለሁ። ሞተር በእርጥብ ጨርቅ ይጠረግ፣ ይበቃዋል።

ሶኬቱ እንደተነቀለ ቁልፉን ክፈቱ፣ ሞተሩን ግን አታስነሱ። የቴስተሩን ጥቁር ጫፍ ባትሪው ኔጌቲቭ ላይ አድርጉ። በቀዩ ሁለቱን ፒኖች ተራ በተራ ለኩ። አንዱ የባትሪውን ቮልቴጅ ማሳየት አለበት። አንዳንድ መኪና ግን ይህን ኃይል የሚለቀው ሞተሩ ሲነሳ ብቻ ነው። ሌላኛው የኮምፒውተሩ መስመር ነው። ዜሮ ወይም ጥቂት ቮልት ቢያሳይ አትደንግጡ፣ አንዳንድ ኮምፒውተር መስመሩን ለመፈተሽ ራሱ ትንሽ ቮልቴጅ ይልካል። ሙሉ 12 ቮልት ካለበት ግን ጥፋታችሁን አገኛችሁ። ያ ሽቦ ከሌላ ኃይል ካለው ሽቦ ጋር ተገናኝቷል።

አራተኛ፦ አምፖሏ

ቅዳሜ ዕለት ቴስተሬ 12.4 ቮልት አሳየኝ። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው «ኃይል አለ፣ እንግዲህ ቫልቩ ነው» የሚለው። ከእኔ በፊት ያየው መካኒክም እንደዚያ ያሰበ ይመስለኛል። አልፈርድበትም፣ እኔም ድሮ እንደዚያ አስብ ነበር።

ቴስተር ከመስመሩ የሚወስደው ኃይል ከምንም አይቆጠርም። ሽቦው ውስጥ አንዲት ፀጉር የምታክል ክር ብቻ ብትቀርም 12 ቮልቱን ያነባል። ቫልቩ ግን እውነተኛ ኃይል ይፈልጋል። ጥቅሉ 25 ኦም ቢሆን 12ን ለ25 ስናካፍል ወደ ግማሽ አምፔር ይመጣል። ባለ 5 ዋት አምፖልም የምትወስደው ወደ 0.4 አምፔር ነው። ስለዚህ አምፖሏ የቫልቩን ያህል ትሸከማለች። መስመሩን በሥራ ላይ ትፈትነዋለች ማለት ነው።

አምፖሏን በመጀመሪያ ባትሪው ላይ አብሯት። ድምቀቷን ልብ በሉ። ከዚያ አንዱን ጫፍ 12 ቮልት ባሳየው ፒን ላይ፣ ሌላውን ባትሪው ኔጌቲቭ ላይ አድርጉ። እኩል መድመቅ አለባት። እንደበራች ቮልቴጁን ለኩ፣ ከባትሪው ከግማሽ ቮልት በላይ መጉደል የለበትም።

የእኔዋ ሊጠፋ እንደደረሰ ፍም ቀላች። ቴስተሩ ከ12.4 ወደ 3 ወረደ። ከዚያ በኋላ ሥራው ሽቦውን መከተል ብቻ ነበር። የባትሪው መቀመጫ ሥር ገብቶ በአንድ የብረት ጠርዝ ላይ ይታጠፋል። የውጭ መሸፈኛው ደህና ይመስላል። በጣቴ ስዳብሰው ግን አንድ ቦታ ላይ ለስለስ አለኝ። ከፈትኩት። መዳቡ ተበልቶ ተበልቶ ሁለት ክር ቀርቶታል፣ ዙሪያው አረንጓዴ ዱቄት ነው። መኪናው ጉድጓድ በገባ ቁጥር ይቋረጥ ነበር። የተበላሸው የጣት ርዝመት የማያክል ሽቦ ነው። መጀመሪያ የወጣውን አሮጌውን ቫልቭ ስለካው 26 ኦም አለ። ምንም አልነበረበትም።

አምስተኛ፦ የኮምፒውተሩ በኩል

እዚህ አምፖሏን አስቀምጡና የኤልኢዲ መሞከሪያውን ያዙ። ኮምፒውተርን በትልቅ አምፖል መፈተን አልወድም። ኤልኢዲውን በሶኬቱ ሁለት ፒኖች መካከል አድርጉ። ቁልፉ ተከፍቶ ሞተሩ ሳይነሳ ሲቀር መብራት የለበትም። ደብዘዝ ያለች ብርሃን ችግር አይደለችም። ሙሉ በሙሉ ከበራ መቆጣጠሪያ ሽቦው ማሳ ነክቷል፣ ወይም ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለው ማብሪያ ተጣብቋል። ሁለቱን ለመለየት ባትሪውን ንቀሉ፣ የኮምፒውተሩን ሶኬት ንቀሉ፣ ከዚያ በሽቦውና በመኪናው ብረት መካከል ኦም ለኩ። ምንም ግንኙነት መኖር የለበትም። ካለ ሽቦው ነው።

ቀጥሎ ሞተሩን አስነስታችሁ እስኪሞቅ ጠብቁ። ኮምፒውተሩ ፐርጅ ሲጀምር፣ ማለትም ትነቱን ወደ ሞተሩ መልቀቅ ሲጀምር፣ ኤልኢዲው ብልጭ ብልጭ ማለት አለበት። መሣሪያችሁ ቫልቩን ማዘዝ የሚችል ከሆነ መጠበቅም አያስፈልግም፣ እዘዙት። ካልበራ ኮምፒውተሩን ከመክሰሳችሁ በፊት ሽቦውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ፈትሹ። ኮምፒውተር የመጨረሻው ተጠርጣሪ ነው። እስከዛሬ ካየኋቸው በዚህ ኮድ የመጡ መኪኖች ኮምፒውተሩ ጥፋተኛ የሆነባቸው ጥቂት ናቸው።

ስድስተኛ፦ ቫልቩ ራሱ

አሁን ተራው ደረሰ። ቫልቩ ከሶኬቱ ተነቅሎ በሁለቱ እግሮቹ መካከል ኦም ለኩ። ኃይል ያለበት መስመር ላይ ኦም አይለካም። ብዙዎቹ ከ20 እስከ 30 ኦም ያሳያሉ፣ የእናንተን መኪና ትክክለኛ ቁጥር ከመመሪያው አረጋግጡ። ወደ ዜሮ ከተጠጋ ወይም ጭራሽ ካላነበበ ሞቷል። ሞተሩ ሲሞቅ ብቻ ኮድ የሚሰጥ ከሆነ በሞቀበት ለኩት። መዳብ ሲሞቅ ኦሙ ይጨምራል። በ20 ዲግሪ 25 የነበረው በ100 ዲግሪ ወደ 33 ቢደርስ ጤናማ ነው። ሲሞቅ ድንገት ከጠፋ ግን ውስጡ ተበጥሷል።

ከዚያ ፈታችሁ ከመኪናውና ከትነቱ ራቅ አድርጉትና 12 ቮልት ስጡት። ጠቅ ማለት አለበት። አየር በትንሽ የእጅ ፓምፕ ሞክሩበት፣ በአፋችሁ አትማጉ። ያለ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም፣ ሲያገኝ ያሳልፋል። ያለ ኤሌክትሪክም የሚያሳልፍ ከሆነ በኤሌክትሪኩ በኩል ደህና ቢሆንም ተበላሽቷል። ቤንዚን ከቀዳችሁ በኋላ ሞተሩ ለመነሳት የሚያንገራግረው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው።

የቬንት ቫልቩ

አካሄዱ ያው ነው። አየር ስትሞክሩ ብቻ ተገላቢጦሽ ነው፦ ያለ ኤሌክትሪክ ያሳልፋል፣ ሲያገኝ ይዘጋል። የሚለየው ቦታው ነው። ከመኪናው ሥር ስለሆነ ጭቃ፣ አቧራ፣ ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ላይ ደግሞ በክረምት መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው ይበላዋል። ሽቦውም ከፊት እስከ ኋላ ረጅም ነው። ጥፋቱን ታንኩ አጠገብ በታጠፈበት፣ በቅንፍ በታሰረበትና ወለሉን በሚበሳበት ቦታ ፈልጉ። የአይጥ ጥርስም አትርሱ። ለብዙ ሳምንት የቆመ መኪና ከሆነ ከዚያ ጀምሩ።

የግፊት ሴንሰሩ

ይህ ሦስት ሽቦ አለው፦ 5 ቮልት፣ ማሳ፣ መልእክት። እዚህ አምፖል በፍጹም አይገባም፣ ቴስተር ብቻ።

መጀመሪያ የታንኩን ክዳን ክፈቱና በኮድ ማንበቢያው ላይ የታንክ ግፊቱን እዩ። ክዳን ተከፍቶ ታንኩ ውስጥ ያለውና ውጭ ያለው አየር እኩል ነው፣ ስለዚህ ንባቡ ወደ ዜሮ መጠጋት አለበት። ክዳኑ ተከፍቶ ከፍተኛ ግፊት ወይም መሳብ ካሳየ ወይ ሴንሰሩ ወይ ሽቦው ይዋሻል። ሶኬቱን ንቀሉና በ5 ቮልቱና በማሳው ፒን መካከል ለኩ። ከ4.8 እስከ 5.2 ከሆነ ሁለቱም ሽቦዎች ደህና ናቸው። 5 ቮልቱ ከሌለ ሽቦ ከመበጠስ በፊት ይህን ሞክሩ፦ ያንኑ 5 ቮልት የሚጋሩ ሌሎች ሴንሰሮች አሉ። አንድ በአንድ ንቀሏቸው። አንዱ ሲነቀል 5 ቮልቱ ከተመለሰ መስመሩን ሾርት ያደረገው እሱ ነው።

የሚሄድና የሚመጣ ጥፋት

ይህ ትዕግሥት ይጠይቃል። ሶኬቱን መልሳችሁ ስኩ። ስፒል ከሶኬቱ ጀርባ፣ ሽቦው በሚገባበት ቀዳዳ አስገብታችሁ መቆጣጠሪያ ሽቦውን ንኩ። የሽቦውን ላስቲክ አትውጉት፣ ውሃ ይገባበታል። ቁልፉ ተከፍቶ ሞተሩ ሳይነሳ 12 ቮልት ይነበባል። አሁን አንድ ሰው ቴስተሩን ይይ፣ ሌላው ሽቦውን ከሶኬቱ ጀምሮ ስንዝር ስንዝር እያለ ይነቅንቅ። ቁጥሩ የዘለለበት ቦታ ላይ ቁሙ።

ሲገኝ የተበላው ክፍል ተቆርጦ ይወጣል፣ በተመሳሳይ ውፍረት ሽቦ ይቀጠላል፣ በካውያ ይበየዳል፣ በሙቀት በሚጣበቅ ላስቲክ ይሸፈናል። ጠምዝዞ በፕላስተር መጠቅለል ለስድስት ወር ነው። ከዚያ ሽቦው ያንኑ ጠርዝ እንዳይነካ ቦታውን ቀይራችሁ እሰሩት።

ለምርመራ ከመሄዳችሁ በፊት

ኮድ ስታጠፉ ወይም ባትሪ ስትነቅሉ ኮምፒውተሩ የራሱን ፍተሻዎች እንደ አዲስ ይጀምራል። ወዲያው ለኤሚሽን ምርመራ ብትሄዱ «ዝግጁ አይደለም» ብለው ይመልሷችኋል። ቨርጂኒያ ውስጥ ለ2001 ሞዴልና ከዚያ በኋላ ለተሠሩት አንድ ያልተጠናቀቀ ፍተሻ ይፈቀዳል፣ ከ1996 እስከ 2000 ላሉት ሁለት። የኢቫፑ ፍተሻ አብዛኛውን ጊዜ መጨረሻ ላይ ነው የሚጠናቀቀው። ታንኩን ከሩብ በላይ ከሦስት አራተኛ በታች አድርጉት፣ ሞልቶም ተሟጦም አይሠራም። መኪናው ሌሊቱን ይደር፣ ጠዋት በብርዱ ይነሳ፣ ከተማም አውራ ጎዳናም ይነዳ።

አገር ቤት ላላችሁ ይህ ምርመራ ላያሳስባችሁ ይችላል። ግን መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ ያላችሁን መኪና ለዓመታት ነው የምትይዙት። በኢቫፕ የበራ መብራት ሳይጠገን ከቀረ ነገ ሌላ ከባድ ጥፋት ሲመጣ በዚያው መብራት ሥር ይደበቃል።

የአክስቴ ልጅ ስድስት ቀን ነዳ። በየምሽቱ ኮድ ማንበቢያውን እየሰካ ፎቶ ይልክልኝ ነበር። በስድስተኛው ቀን ከኢቫፕ ጎን ያለው ምልክት ወደ «ዝግጁ» ተቀየረ። በማግስቱ ጠዋት ለምርመራ ሄደ፣ አለፈ።